ሃያ ሜትር ከሰባት ሳንቲ ሜትር

መስከረም 28

ወንድምዬ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ ሦስተኛ ባነበው ኖሮ የሰው መጋረጃ በእንባ አበላሽ ነበር። እኔ ደህና ነኝ፣ ቤቱም ደህና ነው። የእማዬን አልጋ አላነሣሁትም። ባዶውን ከማየው ብዬ ጨርቅ እዘረጋበታለሁ።

የጠየቅከኝን ሁሉ በአንድ ጊዜ መመለስ አልችልም። አዎ፣ በመጨረሻዋ እሑድ እማዬን ይዣት ሄጃለሁ። የጋሼ ቀጥልን ደረጃ ታውቀዋለህ፤ ሦስተኛ ፎቅ እስክንደርስ በየማረፊያው ቆመን ትንፋሽ ሰበሰብን። ሰዉ እንደ ወትሮው አግዳሚው ላይ ተደርድሮ ተራውን ይጠብቃል፤ እሱም እንደ ወትሮው የመገናኛ ራዲዮውን ማይክሮፎን ይዞ "ቀጥል! ቀጥል!" እያለ ይጮኻል። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ግድቡ ላይ ከሚሠራው ልጇ ጋር አወራች። ጫማ ሰፊው ከወንድሙ ጋር አወራ። የእማዬ ተራ ሲደርስ ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀና "እናቴ፣ ሞገዱ ተዘግቷል፤ ልጅዎ አይሰማም" አላት። እሷም "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ተነሣች። በዚያው ሳምንት ተኛች፣ አልተነሣችም።

አንተ ደግሞ እሱን ቃል በቃል እየሰማህ፣ ስትጠራው እያለፈህ፣ እዚያው ተቀምጠህ ነበር አልከኝ። ሳነበው ተናደድኩ እንጂ አልተገረምኩም። ለምን አልተገረምሽም ብትለኝ ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ።

"ምን በድለነው ነው?" ላልከው፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ቀን ስለ ራዲዮው ሲፎክር እማዬ ሰው ሁሉ እየሰማ "የኔ ልጅ በእጁ የሠራው ካንተ ይበልጣል" አለችው። አግዳሚው በሳቅ ፈረሰ፤ እሱ ግን አልሳቀም። በቃ ይኸው ነው። ለአንዲት ቃል ብሎ እናትህን ከድምፅህ ለያት።

ከሁሉም በላይ "ረስቶኛል ብላ አስባ ነው የሞተችው?" ብለህ ጠይቀኸኛል። ለዚህ መልስ አለኝ። እማዬ ራሷ ለአንተ ያለችው ቃል አለ። ግን "በወረቀት አይሆንም፤ የከለከሉኝ በራዲዮው ነውና በዚያው በራዲዮው፣ በድምፅሽ ንገሪው" ብላኛለች። ቃሏን አላጥፍም። በዚያ ሰውዬ ማይክሮፎን ደግሞ የእማዬን ቃል አልናገርም፤ ምላሴ ይቆረጥ።

ስለዚህ አስተምረኝ። ያ ልጅ ሳለህ የሠራኸው ራዲዮ አልጋው ሥር በካርቶን ነው፤ አንቴናው ብቻ ነው የሌለው። የኔ ጣሪያ ከእሱ መስኮት ፊት ለፊት መሆኑን አትርሳ። ሽቦው ስንት ሜትር ይሁን? እንዴት ይሰላል? አየር ላይ ልውጣ እንጂ ከዚያ በኋላ ለሱ የማደርግለትን አታጣውም።

እህትህ


ጥቅምት 15

እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ያው ነኝ፤ ተራራው፣ ጉሙ፣ በየሦስት ሰዓቱ የንፋስና የዝናብ መለኪያ ማንበብ። ደብዳቤሽን ውሃ የሚያመጣልን ቦቴ ሹፌር ነው ያደረሰልኝ። ስለ እማዬ ቃል በጽሑፍ እንዳልለምንሽ ከለከልሽኝ፣ አልለምንም። ግን ያቺ ጥያቄ በየሌሊቱ እየተነሣች ትቀመጥብኛለች፤ ቶሎ አድርጊው።

ስሌቱ ይኸውልሽ፤ ስፌት ለምትለኪ ሰው ምንም አይደለም። ሦስት መቶን ለፍሪኩዌንሲው፣ ማለት ለሜጋኸርዙ ስታካፍይ የሞገዱ ሙሉ ርዝመት በሜትር ይመጣል። እኛ እሑድ የምንገናኘው በ7.1 ነው። ሦስት መቶ ሲካፈል ለ7.1፣ አርባ ሁለት ሜትር ከሃያ አምስት። ዳይፖል ለሚባለው አንቴናችን የሚያስፈልገን የሱ ግማሽ ነው፦ ሃያ አንድ ሜትር ከአሥራ ሦስት። ሞገድ ግን ሽቦ ላይ እንደ ባዶ አየር አይሆንለትም፣ ጫፍ ላይ ሲደርስም ይደነቃቀፋል። ስለዚህ ከመቶ አምስቱን ቀንሺለት። ሃያ ሜትር ከሰባት ሳንቲ ሜትር ይቀርሻል። ይህን ሁሉ መንገድ ላለመሄድ 142.5ን ለፍሪኩዌንሲው አካፍይ፤ እዚያው ያደርስሻል።

ዳይፖል መሐሉ ላይ ይቆረጣል። የሚወርደው ኬብል ሁለት ሽቦ አለው፤ አንዱን ከግራው ክንድ፣ አንዱን ከቀኙ ታስሪያለሽ። ሁለቱ እንዳይነካኩ። ጫፎቹም ግድግዳ ወይ ቆርቆሮ እንዳይነኩ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ነገር ይንጠልጠሉ። ሁለቱ ክንዶች እኩል ይሁኑ። በተቻለሽ መጠን ከፍ አድርጊው።

የመጋረጃ መስቀያ ሽቦ ይሆናል ወይ ብትዪኝ፣ አይሆንም። መዳብ ግዢ።

የሚገርምሽ፣ ያንን የጋሼ ቀጥልን አንቴና ለክቼ፣ ቆርጬ፣ ጣሪያው ላይ ወጥቼ ያሰርኩለት እኔ ነኝ። እሱ ታች ሆኖ "ወደ ግራ! ወደ ግራ!" ይል ነበር። ርዝመቱን ዛሬ ብትጠይቂው አያውቀውም። በሠራሁለት ሽቦ ሲጮኽ እየሰማሁ፣ በዚያው ሽቦ እናቴን ከለከለኝ። አልጋዬ ላይ ስጋደም ያንን ሽቦ በጥርሴ ስቆርጠው ይታየኛል።

ወንድምሽ


ኅዳር 2

ወንድምዬ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ለኔ ግን የለም፤ ተቃጥያለሁ።

ያልከውን ሁሉ አድርጌአለሁ። ሜትሬን አውጥቼ ሃያ ሜትር ከሰባት ለካሁ፣ ቆረጥኩ። ሌላ ሃያ ሜትር ከሰባት ለካሁ፣ ቆረጥኩ። ለጫፎቹ ትልልቅ የካፖርት ቁልፎች ተጠቀምኩ፤ ቀዳዳቸው ለማሰር ምቹ ነው፣ ኤሌክትሪክም አያስተላልፉም፣ አይደል? ጣሪያዬ አልበቃ ስላለ አንዱን ጫፍ በጎረቤት ውሃ ታንከር ላይ አሳልፌ አሰርኩ። ባለቤቱን ለማሳመን የመኝታ ቤቱን መጋረጃ በነጻ ልሰፋለት ቃል ገብቻለሁ።

ራዲዮው ግን ደንቆሮ ነው። በ7.1 የሚሰማኝ ቅባት መጥበሻ ላይ ሲንቻቻ ብቻ ነው። አንተን ተወው፣ ፊት ለፊቴ ያለውን ሰውዬ እንኳን ራቅ ብሎ ነው የምሰማው።

እሱም አየኝ። መስኮቱን ከፍቶ ክንዱን ደገፍ አድርጎ፣ "አንቺ ልጅ፣ ልብስ ማስጫ ነው? ለመንደሩ ሁሉ ይበቃል!" አለኝ። አግዳሚው ላይ የነበሩትም ለማየት ወደ መስኮቱ ወጡ። እማዬ በተቀመጠችበት ቦታ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ እየሳቀብኝ ጣሪያ ላይ ቆምኩ። "አዎ ጋሼ፣ ማስጫ ነው፤ አንድ ቀን እርስዎን እሰቅልበታለሁ" ልለው ነበር። ዋጥ አደረግኩት። አሁን አፌን ብከፍት ይነቃል።

ምን አጠፋሁ? ቶሎ ጻፍልኝ።

እህትህ


ኅዳር 20

እታለም፣

ይቅር በይኝ፣ ሳቅሁ። እማዬ ካረፈች ወዲህ የሳቅሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሹፌሩ "ምን ጻፉልህ?" ብሎ ጠይቆኝ ማስረዳት አቃተኝ።

ሃያ ሜትር ከሰባቱ የሁለቱም ክንድ ድምር ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ! የያንዳንዱ ክንድ አሥር ሜትር ከሦስት ሳንቲ ሜትር ነው። አንቺ ግን መጋረጃ ጥንድ ስለሆነ፣ ደንበኛም የአንዱን ልኬት ነግሮሽ ሁለት ስለምትሰፊ፣ ሽቦዬንም ጥንድ አደረግሽው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ "እኩል ይሁኑ" ብዬ በአንድ ቃል አልፌው ሄድኩ። የሰቀልሽው ለ7.1 ሳይሆን ለግማሹ፣ ለ3.55 የሚሆን ነው።

አሁንም ትክክል በአሥር ሜትር ከሦስት ላይ እንዳትቆርጪ። ለልብስ ቅምቅማት እንደምትተዪ ሁሉ እዚህም ተዪ፤ ቁልፉ ላይ የሚታጠፈውና የሚጠመዘዘው አለ። ሽቦሽ ደግሞ ላስቲክ የለበሰ ነው፤ በለበሰ ሽቦ ሞገዱ ይዘገያልና መጨረሻ ላይ ከስሌቱ ትንሽ ማጠር አለበት። ስለዚህ ረዘም አድርገሽ ሰቅለሽ እየለካሽ አሳጥሪ። አንቴናው ከ7.1 በታች ላይ የሚስማማ ከሆነ ረዝሟል ማለት ነው፤ ከሁለቱም ጫፍ እኩል፣ ጣት ጣት የሚያህል እየቆረጥሽ ውጪ።

ቁልፎቹ ግሩም ናቸው። እኔ አላስበውም ነበር።

የራዲዮ ፈቃድሽን ሳትወስጂ የመናገሪያውን አዝራር እንዳትነኪ። ያ ሰውዬ የሚከስሽ ነገር ሲፈልግ አታገኚለት። ይሳቅ። ዛሬ ይሳቅ።

ወንድምሽ


ጥር 3

እታለም፣

ዛሬ ሰላምታ የለም።

እሑድ ድምፅሽ መጣልኝ። ፈቃድሽን ይዘሽ፣ ሽቦሽን አስተካክለሽ፣ አጠገቤ የተቀመጥሽ ያህል ጥርት ብለሽ መጣሽ። ማዳመጫውን በሁለት እጄ ጆሮዬ ላይ ተጭኜ ያዝኩት። አንቺም ስለ ዝናቡ ጠየቅሽኝ። ስለ ጎረቤትሽ መጋረጃ አወራሽኝ። ከዚያ "በል ደህና ሁን" ብለሽ ሄድሽ።

የእማዬ ቃልስ? ከመስከረም ጀምሮ የምጠብቀው ለዝናብ ወሬ ነው? ያቺ ጥያቄ እንዴት እንደምታደርገኝ ነግሬሽ የለም? ደህና እንደነበርሽ ሳልጠይቅሽ ደብዳቤውን ዘግቻለሁ።

ወንድምሽ


ጥር 19

የኔ ጌታ፣

ተቆጣ፣ ይገባሃል። ጉልበትህን ስሜ ልንገርህ።

አዝራሩን ስጫን ቃሉ ጥርሴ ጋ ደርሶ ነበር። ቀና ስል የጋሼ ቀጥል መስኮት ክፍት ነው፤ ጀርባውን ሰጥቶን ማዳመጫውን አድርጎ ይሰማናል። ራዲዮ ያለው ሁሉ በ7.1 እንደሚሰማ አንተም ታውቃለህ። የእማዬን ቃል ያን ጊዜ ብናገር እሱ ቤቱ ሆኖ፣ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ፣ ቢከፋው ማብሪያውን ጠቅ አድርጎ ያጠፋዋል። ማንም ፊቱን አያይም። እኔ ደግሞ ፊቱን ማየት አለብኝ። እማዬ ደረጃውን እንደወጣችው እሱም የኔን ደረጃ ወጥቶ፣ አግዳሚዬ ላይ ተቀምጦ፣ ሰው ከግራና ከቀኙ ሆኖ ነው የሚሰማው። ከዚያ በፊት አልናገርም።

ክፉ ሆንሽ በለኝ። ሆኛለሁ። ካንተ ጋር መጣላቴ ያመኛል፣ ግን ከዚህ አልመለስም።

አንድ ነገር ብቻ ልስጥህ፣ እንቅልፍ እንዲወስድህ። ቃሏ የሚያስለቅስ አይደለም። ልብህን የሚያሳርፍ ነው። የቀረውን አየር ላይ።

ይህን በራዲዮ መነጋገር ስለማንችል ደብዳቤው አይቋረጥ።

እህትህ


የካቲት 20

ወንድምዬ፣

ታርቀኸኝ ስለጻፍክ እግዜር ያክብርህ። ዛሬ የምሥራች አለኝ።

አግዳሚ አሠርቻለሁ። መጀመሪያ የመጣችው የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ናት፤ "አንቺ ዘንድ አይጮኽብኝም" አለች። ከዚያ ጫማ ሰፊው መጣ፣ ከዚያ ሌሎቹ። እሑድ እሑድ ሥራ ክፍሌ ይሞላል። የተቆረጠ ጨርቅ ላይ እንዳይቀመጡብኝ ስጮኽ እውላለሁ። እዚያ ማዶ "ቀጥል" የሚለው ለራሱ ብቻ ሆኗል።

ከሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ ያ ብርቱ ንፋስ መጣ። አንተ ያሰርክለት ሽቦ አርጅቶ ኖሮ ተበጣጥሶ አደረ፤ ጠዋት ላይ ቁርጥራጩን ቆሻሻ የሚጭኑት ወሰዱት። በማግስቱ ጫማ ሰፊው ራሱን እያከከ መጣና "የአንቴናሽ ርዝመት ስንት ነው? እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው" አለኝ። ጫማ ሰፊው በሕይወቱ ከእግር በላይ ለክቶ አያውቅም። ማን እንደላከው ገባኝ።

"ሃያ ሜትር ከሰባት ሳንቲ ሜትር" አልኩት።

"ሌላ የሚታወቅ ነገር አለ?"

"ሁለቱ ክንዶች እኩል ይሁኑ።"

ከመሐላ በላይ እውነት ነው፤ አንተው የጻፍክልኝ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ መሆኑን ብቻ አልነገርኩትም። መስኮቱን ከፍቶ፣ ወይ ደረጃዬን ወጥቶ ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር? አልነግረውም ነበር። ግን አልጠየቀኝም። ከመጋረጃ ሰፊ መጠየቅ ክብሩ አልፈቀደለትም።

ስፌቴን አቁሜ እንደ ትርዒት አየሁት። ሠራተኛ ቀጥሮ ጣሪያው ላይ አወጣ። ሽቦው ከጣሪያው አልፎ፣ ከጎረቤቱ አልፎ፣ ልክ እንደ ያኔው የኔው ሽቦ ሄደ ሄደ። እሱም መስኮቱ ላይ ቆሞ "ወደ ግራ! ወደ ግራ!" ይላል። መስኮቴን ከፍቼ "ጋሼ፣ ልብስ ማስጫ ነው?" ማለት እንዴት እንዳማረኝ አንተ ታውቃለህ። ከንፈሬን ነክሼ ዘጋሁት።

አንተ በኩል ምን ይሰማል?

እህትህ


መጋቢት 6

እታለም፣

የሚሰማው ይኸውልሽ። መጀመሪያ ድምፁ ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ሰው መጣ። "ትሰሙኛላችሁ?" ይላል፤ የሚመልስለት የለም። እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ ኃይል ጨመረ። ያ ርዝመት በ7.1 ላይ ከመሐሉ ሲመግቡት አይቀበልም፤ የላክሽበትን ወደ ማሰራጫው ይመልስብሻል። እሱ ግን አልሰማ ሲባል ይበልጥ መጮኽ እንጂ ምን ያውቃል? ጨመረ፣ ጨመረ። ድምፁ መሐል ላይ ተንቀጠቀጠና ጸጥ አለ። የማሰራጫው ቫልቭ፣ ያ የመስታወት አምፖሉ፣ ተቃጥሏል፤ ያን ዓይነቱ ደግሞ ዛሬ አይገኝም።

ብቻዬን በዚህ ቤት ውስጥ ቆሜ አጨበጨብኩ፤ የዝናብ መለኪያዬን ማንበቤን ረስቼ።

የኔን ስህተት የሚያህል ወጥመድ ሠራሽበት። አንቺን ያስቀየመ ሰው ወዮለት። አሁን ደረጃሽን መውጣት ብቻ ነው የቀረው። ይወጣል፤ ልጁ ሩቅ አገር ናት፣ ባሏ ራዲዮ አለው፣ ከዚያ ሌላ መገናኛ የላቸውም። ሲመጣ እንዳትራሪለት። ጨክኚ።

ወንድምሽ


መጋቢት 22

ወንድምዬ፣

ጤናህ እንዴት ነው? መጣ።

ደረጃውን ሲወጣ ከሩቅ ሰማሁት፤ በየማረፊያው ይቆማል። ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። አግዳሚው ተጠጋግቶ ቦታ ሰጠው።

"ደህና ዋልሽ ልጄ" አለኝ።

"ደህና ይዋሉ ጋሼ። ተራዎን ይጠብቁ።"

"ልጄ የመውለጃዋ ቀን ደርሷል። በዚህ ሰዓት ትጠራኛለች።"

"ገባኝ ጋሼ። ተራዎን ይጠብቁ።"

ተራውን ጠበቀ። ለሁሉም ሰጠሁ፤ ለዳቦ ቤቷ ሴትዮ እንደውም አስረዘምኩላት። የሱ ተራ ሲደርስ ማዳመጫውን አደረግኩ። ልጁ መጣች፤ ጥርት ያለች፣ ደስ የምትል ድምፅ ናት። "አባዬ፣ አባዬ፣ ትሰማኛለህ?" ትላለች። ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወለቅኩና፣ "ሞገዱ ተዘግቷል ጋሼ። ልጅዎ አትሰማም" አልኩት።

ራዲዮው ፊቱን ወደ አግዳሚው ነው ያዞረው። ሰው ሲናገር የምትነሣዋ መርፌ ለተቀመጠ ሁሉ ትታያለች። ሆን ብዬ ነው ያዞርኩት፤ ለምን እንደሆነ አሁን አትጠይቀኝ። መርፌዋ እየተነሣች እየወደቀች ነበር። ሌላው ሰው አያውቃትም፣ እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ ያያት ናት። መርፌዋን አያት፣ እኔንም አየኝ። ቃሉ የራሱ ነበርና ምን ብሎ ይከራከረኛል? "እግዜር ይስጥልኝ" አለና ባርኔጣውን አድርጎ ወረደ።

እኔ ደግሞ ያን ቀን እንደ ልጅ ተኛሁ።

እህትህ


ሚያዝያ 2

እታለም፣

ሰላም ነሽ? እኔ ብዙም ሰላም የለኝም።

እኔም በዚያው ሞገድ ላይ መሆኔን ረሳሽው መሰለኝ። ልጂቱ አባቷን ስትጠራ ሰማኋት። በሚቀጥለውም እሑድ ሰማኋት። ሁለተኛው ላይ ዝም ማለት አቅቶኝ መለስኩላት። ወንድ ልጅ ወልዳለች። አባቷ እንዲያውቅ ነው የምትጠራው። "ታሞብኝ ይሆን? ወይስ ረስቶኝ ነው?" አለችኝ። አላውቅም አልኳት። እኔ አንቺን መስከረም ላይ የጠየቅሁሽን ያንኑ ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ፤ እኔም ዋሸኋት።

ጨክኚ ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ ቃሌን አልበላም። ለሱ አሁንም አልራራም፣ ዘላለሙን አልራራለትም። ግን ያቺ ልጅ ምን አደረገችን? እሱን እያቃጠልሽ የኔን ዕጣ ለሷ አትስጫት።

ፊቱን ማየት ነበር የፈለግሽው። እየመጣልሽ ነው፣ ተቀምጦልሻል። ጨርሺው። የእማዬንም ቃል ስጪኝ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 24

እታለም፣

ሰማሁ። ከጣቴ ጫፍ ጀምሮ ነው የሰማሁት።

"ከእናታችን ለወንድሜ የተላከ ቃል አለ፤ ዛሬ አደርሰዋለሁ" አልሽ። ከዚያ የእማዬን አነጋገር ሳትለውጪ፣ "ለልጄ ንገሪው፤ ሰውየው ተዘግቷል ሲለኝ መርፌዋ ትነሣ ነበር። አይቻታለሁ። ልጄ እየጠራኝ እንደነበር አውቄአለሁ። ሌላው ዋሸኝ እንጂ እሱ አልቀረብኝም።"

እታለም፣ የመርፌዋን ነገር ለእማዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ያንን ራዲዮ ስሠራ አጠገቤ ተቀምጣ ሽንኩርት እየላጠች፣ "ይቺ ምንድን ናት?" አለችኝ። "እማዬ፣ እሷ ስትነሣ አንድ ሰው እየተናገረ ነው ማለት ነው" አልኳት። ረስቼው ነበር። እሷ አልረሳችም። እያወቀች፣ ሰው ፊት እንዳታዋርደው ብላ፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ብላው ወረደች። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ያቺ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አልመጣችብኝም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በጆሮዬ ብቻ ነው ያገኘሁት። ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። አዝራሩ ተለቀቀ፣ ልጂቱ "አባዬ?" አለች። የሱ ድምፅ መጣ፤ "ልጄ፣ ሞገዱ ተዘግቶ ነበር" አላት። እሷም "የለም አባዬ፣ ክፍት ነበር እኮ፤ ተራራው ላይ ያለው ሰውዬ በደንብ ሰምቶኛል" አለችው። ከዚያ አዝራሩ ተጫነ፤ የሰው ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ረጅም ጊዜ።

በዚያች ዝምታ ውስጥ ምን ነበር? ምን አደረገ? አንድም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ፤ ድርሻዬ ነው።

ወንድምሽ


ግንቦት 8

ወንድምዬ፣

እንኳን ልብህ አረፈ። እማዬ ይህን ብታይ ስለ ሰውዬው ትቆጣኝ፣ ስላንተ ትመርቀኝ ነበር።

ድርሻህን እንካ። የእማዬን ቃል ስናገር ማይክሮፎኑን አላየሁም፣ እሱን ነው ያየሁት። "መርፌዋ ትነሣ ነበር" ስል ባርኔጣው ከጉልበቱ ላይ ወደቀ፤ አላነሣውም። አግዳሚው ለማን እንደተባለ ወዲያው ገባው። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ዞር ብላ ከላይ እስከ ታች አየችውና ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ራቅ አለች። ጫማ ሰፊው መሬት መሬት አየ። እኔም ተነሥቼ "ይኸው ጋሼ፣ ተራዎ ነው" ብዬ ማይክሮፎኑን እጁ ላይ አኖርኩለት።

ለልጁ የዋሸውን ሰምተሃል። እሷ "ክፍት ነበር" ስትለው አዝራሩን ተጭኖ ቀረ። ያቺ ዝምታ ያልካት እሷ ናት። ማይክሮፎኑን አፉ ላይ ደግኖ ዓይኑን መርፌዋ ላይ ተክሏል፤ ሁላችንም እናየዋለን። ማንም አልረዳውም። ከዚያ ጣቱን ከአዝራሩ አነሣና፣ ለልጁ ሳይሆን ለኔ፣ በቀስታ፣ "እናትሽ አይታ ነበር?" አለኝ።

"አዎ ጋሼ" አልኩት።

ይኸው ነው ያለው። ይህን ሁሉ ጊዜ ምንም እንደማታውቅ አሮጊት አታልሎ እንደሸኛት ነበር የሚያስበው። እሷ ግን እያየችው ነበር አመስግናው የወረደችው። ይህን ሲሰማ ፊቱ ምን እንደሆነ ልጽፍልህ ሞከርኩ፤ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። አየሁት፣ በቃኝ። ደስ አለኝ። አልዋሽህም፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ ልጁን አነጋገረ። የልጅ ልጁ ሲያለቅስ በራዲዮ ሰማ። እኔ ወደ ስፌቴ ዞርኩ።

አንድ ነገር ግን ከፍያለሁ። ሰው ሁሉ ሲወጣ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ በሩ ላይ ቆመች። "ልጄ፣ ባለፈው ወር ለኔም ተዘግቷል ብለሽኝ ነበር። እውነትሽን ነው?" አለችኝ። እውነቴን ነበር፤ ያን ቀን የምር ተዘግቶ ነበር። ማልኩላት። "እሺ የኔ ልጅ" አለች፣ ዓይኗ ግን ወደ መርፌዋ ሄደ። ለሱ ስዋሽ ሁሉም እንደተማረ ያኔ ነው የገባኝ። መርፌዋ ምን እንደሆነች አሁን አግዳሚው በሙሉ ያውቃል። ስለዚህ ራዲዮው ወደ እነሱ እንደዞረ ይቀራል፤ ከእንግዲህ እኔን አምነው ሳይሆን እሷን አይተው ነው የሚሄዱት። ይህን የሠራሁት እኔ ነኝና አላማርርም።

ማሰራጫው አልተጠገነለትም። ያቺ ረጅም ሽቦው እዚያው ተሰቅላለች፤ የቤት ሠራተኛው አሁን የምር ልብስ ታሰጣባታለች። የመጋረጃ ቀለበት ብታስገባባት ያምርባታል።

እሑድ እሑድ ይመጣል። በየማረፊያው እየቆመ ይወጣል፣ ከአግዳሚው መጨረሻ ይቀመጣል። ቀድሞ ቢመጣም መጨረሻ ነው። ተራው ሲደርስ እሰጠዋለሁ፤ ልጂቱ ምንም አላደረገችንም ብለሃል፣ እሺ ብዬሃለሁ። እሱ ግን ከሷ ጋር እያወራ ዓይኑን ከመርፌዋ ላይ አያነሣም። ከፈለግሁ በማንኛዋም እሑድ ተዘግቷል ልለው እንደምችል ያውቃል። አልለውም። እንደማልለው ግን አልነገርኩትም።

እህትህ